ስህተት የሚችል ዱላ

እማዬ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ቆልፋ ሽንኩርት እየከተፈች፣ «ብቻ እንዳይጠረጥር» ስትል ሰማኋት። ገና ጎህ መቅደዱ ነው፤ አዋሽ ላይ በዚያ ሰዓት ድምፅ ያለው ዶሮና የተሳቢውን ጎማ በብረት እየመታ የሚፈትሽ ሾፌር ብቻ ነው። እኔ ከማድ ቤቱ ቆርቆሮ ጀርባ ጀሪካን እየሞላሁ ስለነበር መኖሬን አላወቀችም። «ልብሱን በሙሉ በሁለት ፌስታል አድርጌዋለሁ። እሱ አንድ ቀን አድሮ የሚመለስ ነው የሚመስለው። አንተ ጋ ከገባ በኋላ ቀስ ብለህ ታለማምደዋለህ። አልጋዎቹ ነገ ይገባሉ፣ ሦስት ናቸው» አለች። ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለች እንጃ፣ «እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለህ?» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቢላዋው ግን አላቆመም።

ከወዲያ በኩል የነበረው አጎቴ ያሬድ ነው፤ ሰመራ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ እቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። እንዳይጠረጥር የተባለው ደግሞ አባባ ነው፤ የእማዬና የያሬድ አባት፣ የእኔ አያት፣ አቶ ወልደገብርኤል። እማዬ የሾፌር ምግብ ቤት አላት። ከጅቡቲ የሚመጡት ሾፌሮች ጥብሳቸውን በልተው ሲያበቁ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ «ተስፋነሽ፣ አልጋ የለሽም?» ይሏታል። የለም ባለች ቁጥር ፊት ለፊት ካለው ፔንሲዮን ሄደው ያድራሉ፣ ቁርሳቸውንም እዚያው በልተው ይወጣሉ። እኛ ቤት መንገድ ዳር ያለችው አንድ ሰፊ ክፍል ደግሞ የአባባ ናት። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። እማዬ ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ለመናደድ ይመቸኝ ነበር። ባለፈው ወር አባባ በጧት ተነስቶ ባቡር በማይሄድበት አሮጌ ሐዲድ ላይ ሲንሸራሸር ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ የመጣ ጊዜ፣ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረች «ምነው አባባ፣ ምነው?» እያለች ስታጥብለት አይቻታለሁ።

ጀሪካኑን አንጠልጥዬ ብቅ ስል ፊቴን አየችና ገባት። «ሰምተሻል?» አለችኝ። «ምኑን?» አልኩ። «ሰምተሻል። በይ አፍሽን ሰብስቢ። ነገ ብቻሽን ነው የምትመለሺው። መንገድ ላይ ትንፍሽ ብትዪ ወዮልሽ!» ስለ አፌ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እማዬ እቃ አጣቢ አጥታ ነው እንጂ እኔ ጠልቼ አይደለም፤ ግን መምህራችን መቅረቴን ሲሰሙ «እፎይ፣ ዘንድሮ እንኳ ትምህርቱን እጨርሳለሁ» አሉ ተብሏል። 

አባባ ግቢው መሃል ተላጭቶ፣ ግራጫ ኮቱን ለብሶ፣ መጥረጊያ ገልብጦ ይዞ ቆሟል። እግሩን ከፈት፣ ጉልበቱን ሸብረክ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ መሬት ላይ የሌለ ነገር ያያል። ከዚያ እንጨቱን ወደ ኋላ ወስዶ ዥው አደረገው። ዶሮዋ ብድግ ብላ ሸሸች። «እሙ፣ ኳሱን አየሽው?» አለኝ። «የቱን ኳስ?» «አዋሽ አርባ ደርሷል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ሳምንቱን በሙሉ እንዲህ ነበር። ያሬድ ደውሎ «ኢንጂነር ይታያል የሚባል አለቃዬ የጎልፍ ረጅም ዱላ መምረጥ አቅቶታል፣ እዚህ አገር ከአንተ በቀር ጎልፍ የሚያውቅ ማን አለ? ና እንጂ» ካለው ጀምሮ አባባ ሙሽራ ነው የሚመስለው። ለሃምሳ ዓመት ስለ ጎልፍ የጠየቀው ሰው አልነበረማ። ስለ ባቡር የሚጠይቅ ሞልቷል፤ ሐዲድ ሲያቀያይር የኖረ ሰው ስለሆነ ካሜራ ይዘው መጥተው አሮጌው ጣቢያ በር ላይ አቁመው ያነሱታል። ከባቡሩ በፊት፣ በንጉሡ ዘመን፣ ዱብቲ ጥጥ እርሻ ውስጥ ለፈረንጆቹ የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ ነበርኩ ሲል ግን ሰው ፊቱን አዙሮ ይስቃል። በዚያ ሀሩር ትንሽ ኳስ መትቶ የሚከተላት ጤነኛ ሰው ነበረ ቢባል ማን ያምናል?

የሄድነው በአባዱላ ነው፣ በሰው ስምንት መቶ ብር። ረዳቱ «አባት ከፊት ይቀመጡ» ቢለው አባባ «ከልጄ ጋር ነኝ» ብሎ ከኋላ አጠገቤ ገባ፤ መስኮቱን ለእኔ ሰጠኝ። ሁለቱ ፌስታሎች ጭኔ ላይ ናቸው። ከላይ የምትታየው የምሽት ጋቢው ናት፤ ከሥር ሱሪዎቹ፣ ሹራቡ፣ የክረምት ካልሲው፣ በብጫቂ ጨርቅ የተጠቀለለ የጡረታ ደብተሩ ሁሉ አሉ። «ይሄ ሁሉ ምንድነው?» ሲለኝ «የያሬድ ልብስ ነው፣ እማዬ አጥባለት» አልኩት። እንዲህ አይነት ውሸት ስዋሽ አይኔ መስኮት ይፈልጋል፤ መስኮት ደግሞ ነበረኝ። ከአዋሽ እስከ ገዋኔ ከሰል በማዳበሪያ፣ ፍየል፣ የተገለበጠ ተሳቢ፣ ደግሞ ከሰል። የአንድ ሃይላንድ ውሃ ዋጋ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይጨምራል፤ ገዋኔ ላይ ሠላሳ የነበረው ሚሌ ላይ አርባ ሆነ። አባባ ሙቀቱም ዋጋውም አልታየውም። ያወራል።

አባቱ ከወሎ ጥጥ ለመልቀም ዱብቲ ሲወርድ እሱ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ፈረንጆቹ ከእርሻው ዳር ሜዳ ነበራቸው፤ ሳር የሚባል ነገር የለበትም፣ ጨዋማ አፈር ነው። ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ያለበት ቦታ ላይ አሸዋ ከተቃጠለ የትራክተር ዘይት ጋር ለውሰው በበርሜል ያስተካክሉታል፤ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ይሆናል፤ ሰው ረግጦት ሲያልፍ ልጆች ጆንያ እየጎተቱ የእግሩን ዱካ ያጠፋሉ። ኳሱ መጀመሪያ ነጭ ነበር። ሥራ አስኪያጁ፣ ሚስተር ሃርግሪቭ የሚሉት ቀይ ረጅም ሰው፣ ኳሱን አጣምሞ እየመታ ጥጡ ውስጥ ይከተዋል፤ ጥጡ በፈነዳበት ወር ነጭ ኳስ ጥጥ ውስጥ ገብቶ ማን ያገኘዋል? ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ሲፈልጉ ይውሉና ጥጥ ለቅመው ይመለሳሉ። በኋላ ሰውየው ተናዶ ኳሶቹን በሙሉ ቀይ አስቀባቸው። አንድ ቀን ደግሞ ግመል የሚነዳ የአፋር ሽማግሌ ሜዳውን ሲያቋርጥ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ይሄ ሰውዬ፣ የሚጥለውን ነገር መልሶ ለምን ይፈልገዋል? ካልፈለገው አይተወውም?» ብሎ ጠየቀ። ከፊታችን የተቀመጡት አንድ ትልቅ ሰው ዞር ብለው «ወላሂ እውነቱን ነው» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን።

«ካዲ፣ ዱላ ተሸካሚው ማለት ነው» አለኝ ሎግያ ስንቃረብ፣ ድምፁን ቀነስ አድርጎ እንደ ምስጢር፣ «አይን እንጂ አፍ የለውም። ሰውየው ረጅሙን ብረት አምጣ ይልሻል። እጁ ሲንቀጠቀጥ ታያለሽ፤ ሲጠጣ ነው ያደረው። አይሆንልህም አትዪውም፣ ነውር ነው። ያለውን ዱላ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ቦርሳው ውስጥ ዝቅ ታደርጊና ሌላ፣ የሚችለውን፣ እጀታውን ወደ እሱ አዙረሽ ታቀብይዋለሽ። እያወራ ይቀበልሻል። ኳሱ ይደርስለታል። ራሱ የመረጠ ይመስለዋል።» «ታዲያ አንተ ምን አተረፍክ?» አልኩት። «ኳሱ ደረሰ እኮ» አለኝ፣ ይህንን ያህል ያልገባኝ ገርሞት። እኔ እሱን ብሆን «ጌታው፣ ሂድና ተኛ» ነበር የምለው። ለካዲነት እንዳልተፈጠርኩ ያወቅኩት በዚህ ነው።

ሰመራ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሰዉ ግን ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ይሄዳል። የያሬድ ክፍል ካምፑ ውስጥ ያለ የብረት ኮንቴይነር ነው፤ መስኮት ተቆርጦለታል፣ ቬንትሌተሩ ይዞራል፣ ሙቅ ነፋስ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያመላልሳል። ሁለት አልጋ አለ። አንደኛው ላይ ላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ፍራሽ ተቀምጧል። አባባ ፍራሹን አየው። «እንግዳ አለብህ?» አለው ያሬድን። «አይ… የሠራተኛ ነው፣ ለጊዜው እዚህ አስቀምጠውት» አለ ያሬድ። እኔ ፌስታሎቹን አልጋው ሥር ገፋሁና ተቀመጥኩ። ከካንቲን የመጣ ፓስታ በላን። ሹካ ሳህን ሲነካ ይሰማል፣ ቬንትሌተሩ ይንቋቋል። «ተስፋነሽ ደህና ናት?» «ደህና ናት።» «ሥራስ?» «ደህና ነው።» «ሙቀቱ ዘንድሮ ብሶበታል።» «አዎ፣ ብሶበታል።» አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ሳይተያዩ ቆይተው የተባባሉት ይህንኑ ነው። ያሬድ አባቱን ቀና ብሎ ማየት ሲያቅተው እኔን ያያል፤ እኔ ደግሞ ፓስታዬን።

አስር ሰዓት ላይ ፀሐዩ ትንሽ ጎንበስ ሲል ኢንጂነር ይታያል መጣ። ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ፊቱ የሚስቅ፣ ጥሩ ሰው ነው። ግራ እጁ ላይ ብቻ ነጭ ጓንት አድርጓል፤ አንዱ ጠፍቶበት መስሎኝ ላፋልገው ነበር። ለካ ጎልፍ የሚጫወተው እንዲያ ነው። ፈረንጅ አለቆቹ ጥለውለት የሄዱትን የዱላ ቦርሳ ያሬድ ተሸክሞለታል። ካምፑ ጀርባ ጥቁሩን ድንጋይ በግሬደር ጠርገው ሰፊ ሜዳ አድርገውታል፤ ከአንድ ጥግ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሳር ቁራጭ ተነጥፏል። ኢንጂነሩ የፊታችን ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ከድርጅቱ ትልልቅ ሰዎች ጋር ሊጫወት ነው። ባለፈው ሲጫወት ኳሱ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ እንደ አይጥ በእግራቸው መሃል አልፎ ስቀውበታል። «ረጅም የሚሄድ ዱላ ነው የቸገረኝ አባት። ሃንዲካፔ ሠላሳ ስድስት ነው» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ጎበዝ ነው ማለት ነው?» አልኩ ለአባባ በጆሮው። «ቁጥሩ ሲበዛ ድክመቱ ነው የሚበዛው። ከጎበዞቹ ጋር እንዲስተካከል በምርቃት የሚሰጡት ምት ነው።» «ታዲያ ምን ያኩራራዋል?» «ዝም በዪ» አለኝ።

አባባ ዱላዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ በመሐረቡ ጠረጋቸው። ያን ጊዜ ፊቱን ብታዩት! ጣቶቹ እጀታው ላይ ሲያርፉ ከሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ውስጥ ጆንያ የሚጎትት ልጅ ብቅ አለ። ሦስቱን ለየ። አንዱ ምላጭ የመሰለ ቀጭን ብረት ነው፣ ቁጥር ሦስት የተጻፈበት። አንዱ ጭንቅላቱ የሕፃን ራስ የሚያክል፣ ረጅም። ሦስተኛው ከሁለቱም አጠር ያለ፣ ጀርባው ያበጠ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ያዘነበለ፤ እኔ ጭልፋ አልኩት። «ይሄ በእኛ ጊዜ አልነበረም» አለ አባባ ጭልፋውን እያገላበጠ፣ «ብረትም ነው፣ እንጨትም የሚመስል ነው። ሆዱ ከታች ከብዷል፤ ኳሱን ከሥር ገብቶ ያነሳዋል።» ኢንጂነሩ ግን ወዲያው ቀጭኑን ብረት ነው ያነሳው። «አለቃዬ የሚመታው በዚህ ነው» አለ። አባባ የቀሩትን ሁለቱን አጠገቡ አቆመለት። «በሦስቱም አስር አስር ጊዜ ይምቱ፣ ደስ እንዲልዎት ብቻ» አለውና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንቺ ወደዚያ ሂጂ። ጥሩ የሄዱትን እንዳታዪያቸው። መጥፎዎቹ የወደቁበት ላይ ብቻ ምልክት አድርጊ። ለቀጭኑ ነጭ ድንጋይ፣ ለትልቁ ጥቁር፣ ለጭልፋው እንጨት።» «ለምን መጥፎዎቹን?» «ጥሩ ምት በየትኛውም ዱላ ይመጣል። ሰው ዱላ የሚመርጠው በመጥፎው ምቱ ነው።»

ነጠላዬን ራሴ ላይ ጠምጥሜ ሄጄ ቆምኩ። በቀጭኑ ብረት የመጀመሪያው ኳስ ሠላሳ እርምጃ ሳይሞላ አቧራ ውስጥ ሞተ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ወደ ቀኝ ታጥፎ የሠራተኞቹን ሽንት ቤት ቆርቆሮ መታ፤ ከውስጥ አንድ ሰው «ኧረ በማርያም!» አለ። አራተኛውን ጭራሽ ሳተው። አምስተኛው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ወፍ ነው። ወጣ፣ ወጣ፣ ሰማዩ ላይ ትንሽ ቆመና የት እንዳረፈ እንኳ ሳላየው ቀረሁ። እኔም ሳላውቅ አጨበጨብኩ። የቀሩት አምስቱ እንደ መጀመሪያዎቹ ሆኑ። ነጭ ድንጋዮቼ እግሩ ሥር ተከመሩ። ባለ ትልቅ ራሱ ዱላ ሩቅ ይሄዳል፤ ግን አንዱ ወደ ሎግያ፣ አንዱ ወደ ጅቡቲ፤ ሰባተኛው የውሃ ቦቴውን ጎን ደለቀው። ጥቁር ድንጋዮቼን ለማድረስ ስሮጥ ትንፋሼ ተቆረጠ። በጭልፋው ወፍ የሚሆን አንድም አልነበረም። መጥፎው መጥፎ መሆኑ ደግሞ ከድምፁ ያስታውቃል፣ ጓ ይላል። ግን ጓ ያለውም ተነሳ፣ ዘጠና፣ መቶ እርምጃ ያህል ሄዶ ፊት ለፊት ወደቀ። እንጨቶቼ ሲሰበሰቡ አንድ ላይ ሆኑ፤ ፍየል ብትተኛባቸው ትሸፍናቸው ነበር።

ተመልሼ ስመጣ ኢንጂነሩ ላቡን እየጠረገ ስለ ወፉ ነው የሚያወራው። «ያቺን አንዷን አያችኋት? በቃ፣ ቀጭኑ ነው የእኔ ዱላ!» ዘጠኙን ረስቷቸዋል። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ አባባ በአይኑ ዘጋኝ። «ግሩም ነበረች» አለው ለኢንጂነሩ። ከዚያ ቀጭኑን ብረት ከእጁ ተቀበለ፣ በመሐረቡ ጠረገ፣ ቦርሳው ውስጥ ከሌሎቹ ሥር አስገባው። ኳስ አስቀመጠ። የጭልፋውን እጀታ ወደ ሰውየው አዙሮ ዘረጋለት። ኢንጂነሩ ስለ አለቃው እያወራ ተቀበለው፣ እያወራም መታው። ሄደ። ሌላ አስቀመጠለት፤ ሄደ። አምስት መታ፣ አምስቱም ሄዱ። ከዚያ ነው ቆም ብሎ የያዘውን ዱላ ያየው። «አላልኳችሁም?» አለ፣ «ከመጀመሪያም አይኔ ያረፈው እዚህ ላይ ነበር።» «አዎ» አለ አባባ። ያኔ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ አይኑ ውሃ ሞልቷል፣ ከንፈሩ ግን ይስቃል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ከዚያም ወዲህ እንደዚያ ሆኖ አላየሁትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ኢንጂነሩ ደስ ሲለው አባባን ትከሻውን አቅፎ፣ «አባት፣ ለምን እዚህ አይቆዩም? ማታ ማታ ያለማምዱኛል። ቅዳሜም አዲስ አበባ ይዤዎት እሄዳለሁ፣ ቦርሳውን የሚሸከም ሞልቷል፣ እርስዎ ዱላ ብቻ ያቀብሉኛል» አለው። ያሬድ እንደ ቆቅ ዘለለ። «ይኸው አባባ! እግዜር በራሱ ጊዜ አመጣልህ። እኔ ጋ አልጋም አለ።» አባባ አረንጓዴውን የፕላስቲክ ሳር ሲያይ ቆየ። ሲመኘው ታየኝ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ግን አይሆንልኝም። ተስፋነሽን ብቻዋን ጥዬ የት አባቴ እሄዳለሁ? ቤቱ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ነው፣ ሾፌሩ ሁሉ ጨዋ አይደለም። እኔ መንገድ ዳር ያለችው ክፍል ውስጥ ሆኜ ሳስል ሲሰሙ ነው ወንድ ያለበት ቤት መሆኑን የሚያውቁት። እኔ ከሌለሁ እንቅልፍ አይወስዳትም።»

አሸንፌ ነበር እኮ። ዝም ብል ነገ ጧት ሁለታችንም፣ ፌስታሎቹም ጭምር፣ አዋሽ ነበርን፤ እማዬ ብትጮህ ትጮህ ነበር እንጂ አባቷን በር ላይ አትመልሰውም ነበር። ግን ያ ሳሉ! ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሚስለው ለእኛ ዘብ ቆሜያለሁ ብሎ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። እኛ ደግሞ በሳሉ እንስቅ ነበር። ያሬድ ደግሞ ያኔ እኔን ጠቀሰኝ፤ አይዞሽ፣ እኛ እንጨርሰዋለን በሚል አይነት። በዚያ ጥቅሻ ደሜ ፈላ። «አባባ፣ ክፍልህን ለሾፌሮች ሰጥታዋለች» አልኩ። «ነገ ሦስት አልጋ ይገባበታል። ልብስህ በሙሉ እዚያ ፌስታል ውስጥ ነው። ይሄ ዱላ ምናምን ያሉህ አንተን ከቤት ለማውጣት ነው።» አፌ ነው ያለው፤ እኔ ራሴ የሰማሁት ከተባለ በኋላ ነው።

ኢንጂነሩ ጓንቱን ማውለቅ ጀመረ፣ ጣት በጣት። «የእኔ እንኳ የእውነት ነው…» ብሎ ተወው። ያሬድ መሬት መሬት ያያል። አባባ አልጮኸም፣ አልተቀመጠምም። ዱላዎቹን አነሳ፣ የጠረጋቸውን መልሶ ጠረጋቸው፣ በየቦታቸው አስገባቸው፣ የቦርሳውን ዚፕ እስከ መጨረሻው ዘጋ። «ሦስት ነው ያልሽው?» አለኝ። «ሦስት።» ትንሽ አሰበ። «ሦስት ይገባል» አለ፣ እንደ አናጢ። ወደ ኮንቴይነሩ ስንመለስ እጁን ልይዘው ስል ሰጠኝ፤ ያዝኩት። ያ ነው የባሰብኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ፀሐይዋ ከጥቁሩ ድንጋይ ኋላ ስትገባ እማዬ ጋ ደውዪልኝ አለኝ። ጆሮው ስለሚከብድ ድምፁን ለሁላችንም እንዲሰማ አደረግኩት። ያሬድ በር ላይ ቆሞ ጀርባውን ሰጥቶናል። «ተስፋዬ፣ ልጄ፣ እንደምን ዋልሽ» አለ አባባ። ድምፁ የሌላ ሰው ነው፤ ፈራ ተባ ይላል፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ልጅ። «አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር። ኢንጂነሩ ካልቆየህ ብሎ ያዘኝ። አየሽ፣ ዱላውን መረጥንለት፤ አመታቱ ግን ገና ነው። እኔም የዱሮው ነገር ትዝ ብሎኝ… ደስ ብሎኛል። ከከበደሽ እመጣለሁ። ካልከበደሽ ግን ትንሽ ብቆይ፣ ትፈቅጂልኛለሽ?» እማዬ ምላሹ አፏ ላይ ነበር። «ኧረ አባባ! አንተ ደስ ካለህማ… እኛ ምን እንሆናለን… ቆይ እንጂ፣ እስከፈለግከው ቆይ!» ትንፋሽ አልወሰደችም። እኔ ስልኩን ቀምቼ መጮህ አማረኝ። አባባ እጁን ጉልበቴ ላይ አደረገ፣ ሳይጫነኝ።

«እንግዲያውስ ደህና» አላት። «ምግብ በጊዜ ብዪ። እ… ደግሞ ለሾፌሮቹ ንገሪያቸው፣ የክፍሉ በር ሲዘጋ ከፍ ተደርጎ ነው። ከገፉት ማጠፊያው ይሰበራል።»

አምልጦት ይሁን ሆን ብሎ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄውም አላውቅም። ከወዲያ በኩል ምግብ ቤቱ ይሰማል፣ ሳህን፣ የተሳቢ ጥሩምባ፣ አንድ ሰው «ሂሳብ!» ይላል። እማዬ ግን የለችም። ተቋርጦ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰከንዱ ይቆጥራል። ያሬድ ከበሩ ዞር ብሎ አየን። አባባ ስልኩን በሁለት እጁ እንደያዘ ይጠብቃል።

«አባባ» አለች መጨረሻ ላይ፣ በቀጭኑ።

«አቤት ልጄ።»

«ራት በላህ?»

«አሁን አቀረቡልን፣ እየበላን ነው» አላት።

ፊታችን ምንም አልነበረም። ያሬድ ምድጃውን እንኳ አልለኮሰም።